የጄምስ ብሩስ የኮሶ ሥዕል፦ የዘመኑ ነው ወይስ ቅጂ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። እዚህ ለንደን ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በፍሬም የታሰረ የኮሶ ሥዕል ገዛሁ። ሻጩ «በ1790 እ.ኤ.አ. ከታተመው፣ ኢትዮጵያን ከጎበኘው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ የወጣ ነው» ብሎኛል። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ አበባው ቀይ ተቀብቷል። የዚያ ዘመን መሆኑን በምን ልወቅ? ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ፊት ለፊት ልሰቅለው አስቤያለሁ።

ወረቀት ወዳድ፦ መጀመሪያ ከፍሬሙ አውጣው፤ በመስታወቱ በኩል እያየኸው ምንም አታውቅም። የዚያን ጊዜ ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ነው የሚታተመው። እርጥብ ወረቀት ከሰሌዳው ጋር በኃይል ስለሚጨመቅ በሥዕሉ ዙሪያ የተሰረጎደ መስመር ይቀራል። ንጹሕ ጣትህን ቀስ አድርገህ አስኪድበት። ዳሩ ተቆርጦ ከሆነ መስመሩ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ማጉያ መነጽር ያዝ። የተቀረጸ መስመር ጥርት ያለ ነው፤ እየወፈረ ሄዶ ጫፉ ላይ ይሾላል። የዛሬ ማተሚያ ሥራ ከሆነ ግን ሥዕሉ ወደ ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣብ ይበተንብሃል።

የመጽሐፍ ሰው፦ ልክ ነው፤ ግን በመዳብ የታተመ ሁሉ የ1790 አይደለም። መጽሐፉ በ1805 እና በ1813 ከነሥዕሎቹ እንደገና ወጥቷል። ቀለሙንም ተጠንቀቅ። የብሩስ ሥዕሎች የወጡት ያለ ቀለም፣ በጥቁር መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ኋላ ላይ፣ ምናልባት በሻጭ እጅ የተጨመረ ነው። እኔ ብሆን ለቀለሙ ተጨማሪ ብር አልከፍልም።

የጎንደር ልጅ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ብሩስን ተከትሎ ጎንደር የገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ ነበር። እዚያው ጎንደር በ1771 ሞተ። ከነዚያ የዕጽዋት ሥዕሎች ብዙዎቹ የሱ እጅ ሥራ ናቸው። ብሩስ ግን ሥራውን የራሱ አስመስሎ አለፈው። ይሄ ሁሌም ያናድደኛል! የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል አሉ። ከነሱ ጋር አስተያየው። መጽሐፉ ውስጥ እንሰት፣ ቁልቋል፣ ቀንጠፋና ዋንዛም አሉ። ከብቱን ሁሉ ከጥቁር አፈሩ ወደ አሸዋማው ቆላ ያሰድዳል የተባለው ዝንብ እንኳ ተሥሎለታል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ከፍቼ አየሁት። ነጠብጣብ የለውም፤ የተሰረጎደው መስመር በሦስት በኩል አለ። አረንጓዴው ቀለም ግን በአንዱ ቅጠል ከመስመሩ አልፎ ፈሷል። ጀርባው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ፤ ላጥበው?

ወረቀት ወዳድ፦ ኧረ ውኃ እንዳታስነካው! ቀለሙ ይለቃል። የድሮ ወረቀት ጠጋኝ ባለሙያ ይየው። ከጀርባው ያለውን ካርቶን አውጥተህ አሲድ በሌለው ቀይር፤ ወረቀቱን ቡናማ የሚያደርገው እሱ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ መስታወቱን እንዳይነካ በመሃል ክፍተት ተው። መስኮት ፊት ለፊት የሚለውን ሐሳብ ግን እርሳው፤ ፀሐይ ቀለሙን ትበላዋለች። ኮሪደር ላይ ይሻላል።