ክርክር፦ ስንጠብቀው የከረምነው ፊልም በ48 ፍሬም ይምጣልን ወይስ በ24 ይቅር?

ሄኖክ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ከአንድ ወር በላይ ሆዴ ውስጥ የሚብላላ ጉዳይ አለ። እስኪ እንከራከርበት።

በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2025 ሦስተኛው አቫታር እንደወጣ ከልጄ ጋር ሄድን። ሁለተኛው የወጣው በታኅሣሥ 2022 ነው። ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብቆታል። ጠዋት የተነሣው እኔን ቀስቅሶ ነው። ገባን፣ መብራት ጠፋ፣ የ3ዲ መነጽራችንን አደረግን። መጀመሪያ ደስ ይላል። ከዚያ በረራው ሲጀምር ምስሉ ድንገት ተቀየረ። ኳስ በቀጥታ ስርጭት የማይ መሰለኝ። ሲነጋገሩ ደግሞ ተመልሶ ሲኒማ ይሆናል። እንዲህ እየተቀያየረ ከ3 ሰዓት በላይ ቆየን። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ባባ፣ ለምንድነው ጌም የሚመስለው?" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልም ማለት ተከታታይ ፎቶ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። የለመድነው በሰከንድ 24 ፎቶ ነው። የአቫታር ዳይሬክተር ጄምስ ካሜሮን ግን የውኃ ውስጡንና የበረራውን ትዕይንት በሰከንድ 48 አድርጎታል። ንግግር ያለበትን በ24 ትቶ፣ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ጊዜ እንዲታይ አደረገ። ትኬቴ ላይ ግን "3ዲ" ከማለት ውጪ ምንም የተጻፈ ነገር የለም።

የኔ አቋም ሁለት ነው። ታሪክ ለሚነግር ፊልም 24 ይበቃል። በ48 ካሳዩ ደግሞ ገንዘባችንን ከመቀበላቸው በፊት ይንገሩን።

ሳባ (አዲስ አበባ)

ሄኖኬ፣ በትኬቱ ላይ አብሬህ ነኝ። በ24ቱ ላይ ግን አልስማማም። ሰው 24ን ከሰማይ የወረደ ቁጥር ያስመስለዋል። ኤዲቲንግ ስማር ከገረሙኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር።

ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ካሜራማኑ እጀታውን በእጁ ነበር የሚያሽከረክረው። ፍጥነቱ ከፊልም ፊልም ይለያያል። አንዱ 16፣ ሌላው ከ20 በላይ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ መጣ። ድምፁ ፊልሙ ጠርዝ ላይ ስለሚታተም ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ካለ የተዋናዩ ድምፅም ይቀጥናል፣ ይወፍራል። ስለዚህ አንድ የማይለዋወጥ ፍጥነት ግድ ሆነ። 24 ለድምፁ የሚበቃ ነበር፣ የፊልም ጥቅልም ብዙ አይበላም። በቃ፣ የወጪ ስሌት ነው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም በሱ አደግንና "የሲኒማ ነፍስ" አልነው።

24 ደግሞ ሕመም አለው። ካሜራው ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ ቶሎ ሲቃኝ ምስሉ እየዘለለ ይሄዳል። ለዚህ ነው የካሜራ ሰዎች አንድ ነገር ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ወደ 7 ሰከንድ ይውሰድ የሚሉት። በ3ዲ ይብሳል፤ ሁለቱ ዓይኖችህ የየራሳቸውን ዝላይ ያያሉ። ብልጭታውን ለመቀነስ ብዙ የ3ዲ ፕሮጀክተሮች እያንዳንዱን ፍሬም ለእያንዳንዱ ዓይን ሦስት ሦስት ጊዜ ያበሩታል። በሰከንድ 144 ብልጭታ ማለት ነው። የሚታይህ አዲስ ምስል ግን ያው 24 ነው።

ያንን የውኃ ትዕይንት በ3ዲ በ24 ብቻ ብታየው ኖሮ ራስ ምታት ይዘህ ነበር የምትወጣው።

ጋሽ ጌታቸው (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ እኔም የምለው አለኝ። ዕድሜዬን ካሜራ ተሸክሜ ነው የኖርኩት።

ሰርግ ስንቀርጽ መጀመሪያ በቪኤችኤስ፣ በኋላ በሚኒ ዲቪ ነበር። እነዚያ ካሜራዎች በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነው የሚይዙት። እንቅስቃሴው ቁልጭ ያለ ነው። ሙሽራው ሲጨፍር እያንዳንዱ የትከሻው ምት ይታያል። ለሰርግ ጥሩ ነው።

ከዚያ በዚያው ካሜራ ፊልም መሥራት ተጀመረ። ታሪክ አለ፣ ተዋናይ አለ፣ ሲኒማ ቤት ሰው ተሰልፎ ይገባል። ሲወጣ ምን ይላል? "ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ግን የሰርግ ቪዲዮ ይመስላል።" ይሄን ስንት ጊዜ ሰማሁ መሰላችሁ። ልብ ይሰብራል። መብራት ብንጨምር፣ ሜካፕ ብናስተካክል ለውጥ የለም። ችግሩ ፍጥነቱ ውስጥ እንዳለ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የሚሉት ፎቶ ካሜራ በፈረንጆቹ 2008 ወጣ። መጀመሪያ ቪዲዮ የሚቀርጸው በ30 ብቻ ነበር። በ2010 ሶፍትዌሩ ሲታደስ 24 እና 25 ተጨመረለት። ከአንድ ጓደኛዬ ተውሼ ማታ እቤት ሞከርኩት። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር። በ25 አድርጌ ጀበናውን አንሥታ ስትቀዳ ቀረጽኳት። በኋላ በትንሿ ስክሪን ሳየው እጇ ሲያልፍ ስስ ጥላ ትቶ ያልፋል። እንፋሎቱ ይንሳፈፋል። የራሴ ቤት ነው፣ የራሴ ሲኒ ነው፤ ግን ሩቅ አገር ያለ ታሪክ መሰለኝ። ደጋግሜ አየሁት። ቡናው በረደብኝ።

ያንን ጥላ ለማግኘት ስንት ዓመት ደከምን። አሁን በዓለም ትልቁ ዳይሬክተር መጥቶ ጥላውን ላጥፋው ሲል እኔን ይከፋኛል። ሳባ ልጄ፣ 24 በወጪ ስሌት መጣ ያልሽው እውነት ነው። በምን መጣ ሌላ ነው፣ ምን ሆኖ ቀረ ሌላ ነው።

ዮናስ (ዱባይ)

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን እቤታችን ያለው ቲቪ ሁሉንም የሰርግ ቪዲዮ አድርጎታል እኮ። እናቴ ጋ ሄጄ አዲስ ቲቪ ገዛሁላት። የቆየ ፊልም ከፈትኩ፤ ሁሉም ነገር ይንሸራተታል። ይሄን እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ የቲቪ ማስተካከያ ሳምሰንግ "ኦቶ ሞሽን ፕላስ"፣ ኤልጂ "ትሩሞሽን"፣ ሶኒ "ሞሽንፍሎው" ይሉታል። አጠፋሁት። እናቴ ወዲያው "ምን ነካካህብኝ? ደበዘዘ፣ መልሰው" አለችኝ። መለስኩላት።

ሰው ጥርት ያለ ይወዳል። ዳይሬክተሮቹ ናቸው የማይወዱት።

ሳባ

ዮኒ፣ ሁለቱን አንቀላቅል። ይሄ የክርክሩ ዋና ቦታ ነው። ቲቪው ያልተቀረጸ ምስል ከራሱ ፈጥሮ በሁለት ፍሬም መሀል ይከታል። ገምቶ ነው። ለዚህ ነው በተዋናይ ጣት ዳር ወይም በሚሮጥ ሰው እግር ዙሪያ የሚቀልጥ ነገር የምታየው። ቶም ክሩዝ ከዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማክኳሪ ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 2018 "እባካችሁ ይሄን ነገር አጥፉት" ብሎ ቪዲዮ የለቀቀው ለዚህ ነው። የካሜሮን ግን ታስቦበት የተሠራ ነው። የትኛው ትዕይንት ምን ያህል እንደሚለሰልስ ሰው ቁጭ ብሎ ወስኖበታል።

ድካሙን ደግሞ አስቡት። የ1 ደቂቃ ትዕይንት በ24 ሲሆን 1,440 ምስል ነው። በ48 ሲሆን 2,880። በ3ዲ ለሁለት ዓይን ሲባዛ 5,760። ኒውዚላንድ ያሉት ዌታ የሚባለው የምስል ቅንብር ኩባንያ ባለሙያዎች የውኃውን ጠብታ ለዚያ ሁሉ ምስል ነው የሠሩት። ይሄንን ከእናትህ ቲቪ ጋር አንድ ማድረግ ግፍ ነው።

ሜሮን (ፍራንክፈርት)

እኔ የቆየ ቁስል ስላለኝ ልናገር።

የቀለበቶቹ ጌታ ፊልም ሦስተኛ ክፍል በፈረንጆቹ 2003 ወጥቶ 11 ኦስካር ወሰደ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ እዚያው ዓለም ውስጥ እስከሚካሄደው ሆቢት ፊልም 9 ዓመት ጠበቅኩ። ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን በ48 ነው የቀረጽኩት ሲል የተሻለ ነገር የመጣ መስሎኝ ፈለግኩት። ወሬው ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በሚያዝያ 2012 ላስ ቬጋስ ላይ ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች ወደ 10 ደቂቃ አሳይቷቸው ብዙዎች ቅር ተሰኙ። በሐምሌ ለአድናቂዎች ሲያሳይ በ24 አደረገው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ገባሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቢልቦ ቤቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የተጣደፈ ይመስላል። ሳህኑ ሳህን አይደለም፣ የቀረጻ ዕቃ ነው። ግድግዳው ትናንት የተቀባ እንጨት ነው። 9 ዓመት የናፈቅኩት አገር ውስጥ ሳይሆን ቀረጻው ቦታ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዓይኔ ትንሽ ለመደ። ግን ያ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነበር ለእኔ ትልቁ። በሳምንቱ በ24 ደግሜ አየሁት። ቤቱ ቤት ሆነ። አለቀስኩ።

ፊልሙ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ አውቃለሁ። ግን አብዛኛው ሰው ያየው በተለመደው 24 ነው፤ 48 የሚያሳዩ አዳራሾች ጥቂት ነበሩ። ሌላው ዳይሬክተር አንግ ሊ ደግሞ በ2016ም በ2019ም በ120 ፍሬም ሠራ። ሁለቱም ፊልሞች ገበያው አልቀናቸውም። ሁለተኛው ላይ ዊል ስሚዝ ከወጣት ራሱ ጋር ሲጣላ ነበር የምናየው። ሰው የሚመጣው ለናፈቀው ታሪክ ነው። ለፍሬም ብሎ የተሰለፈ አላየሁም።

ሳባ

ሜሪ፣ ሆቢት ላይ ያየሽው ጥራት ከፍሬሙ ብቻ አይደለም የመጣው። በ24 በተለመደው አሠራር ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ለ1/48 ሰከንድ ነው ብርሃን የሚያስገባው። እጅ ሲወዛወዝ ይደበዝዛል። ጋሼ "ጥላ" ያሉት እሱን ነው። በ48 በዚያው አሠራር 1/96 ሰከንድ ይሆን ነበር፤ ጃክሰን ግን የካሜራውን መዝጊያ ከዚያ በላይ ከፍቶ 1/64 ሰከንድ አደረገው። የመረጠው መሀል መንገድ ነበር፤ ጥላውን ትንሽ ለማስቀረት። አልበቃም። ያንቺን ግማሽ ሰዓት አልክድብሽም። ግን ስህተቱ 48ን ሁሉም ቦታ ላይ መጫኑ ነው። ውኃና በረራ ላይ ይሁን፣ ቤት ውስጥ ይቅር። ካሜሮን ከዚያ ነው የተማረው።

ሄኖክ

ሳባ፣ እኔን የረበሸኝ እኮ ያ ነው። ሙሉውን 48 ቢሆን እንደ ሜሮን ዓይኔ ይለምድ ነበር። እዚህ ግን በለመድኩ ቁጥር ይመልሰኛል፣ በተመለስኩ ቁጥር ይወስደኛል። ልጅቷ ስታለቅስ አብሬ እያለቀስኩ ነው፤ በሚቀጥለው ሾት በረራ ይመጣና ከስሜቴ ያወጣኛል። ሥራውን አልናቅኩም። ግን ዓይኔ ስለ ማሽኑ ማሰብ ከጀመረ ታሪኩ አመለጠኝ ማለት ነው።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ልጄን ይዤ በሌላ ሲኒማ ቤት፣ በ2ዲ፣ በ24 አየነው። ደውዬ ጠይቄ ነው ያረጋገጥኩት፤ ስልኩን ያነሣው ልጅ ራሱ አያውቅም ነበር፣ ሥራ አስኪያጁን ጠርቶ ነው። ለእኔ ፊልሙ አዲስ ሆነ። ፊቶቹን አየሁ። ልጄ ግን በረራው ላይ ክንዴን ነካ አድርጎ "ባባ፣ ያኛው ይሻል ነበር" አለኝ። እውነቱን መደበቅ ስለማልፈልግ ነው የምነግራችሁ።

ጋሽ ጌታቸው

ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?

ሄኖክ

11 ዓመቱ ነው ጋሼ።

ጋሽ ጌታቸው

ጌም ይጫወታል?

ሄኖክ

ከትምህርት ቤት እንደመጣ።

ጋሽ ጌታቸው

የኔ የልጅ ልጅም እንደሱ ነው። እነዚህ ጌሞች ብዙዎቹ በሰከንድ 60 ምስል ነው የሚሮጡት። በዚያ ነው ዓይናቸውን የገለጡት። ለእኔ የሰርግ ቪዲዮ የሆነው ለነሱ ሰርግም ቪዲዮም አይደለም፣ የሚኖሩበት ዓለም ነው። አራተኛው አቫታር ለታኅሣሥ 2029 ነው የተያዘው ይላሉ። ያኔ ልጅህ 15 ይሆናል፣ ትኬቱን የሚመርጠውም እሱ ነው። ባይሆን እስከዚያ ትኬቱ ላይ ይጻፍልን። እኔ በ24 የሚያሳየው አዳራሽ እገባለሁ፣ እናንተ በዚያኛው ግቡ፤ ስንወጣ በር ላይ እንገናኝና እንጨዋወታለን።