ለወረዳው የምናስገባው ሐሳብ፦ የነዋሪው መረጃ አያያዝ (የዕቅድ ውይይት)

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶች። እሁድ በስብሰባው እንደተባለው፣ ወረዳው የነዋሪውን የግል መረጃ ስለሚይዝበት መንገድ በማህበራችን ስም የምናስገባውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። እስከ ዓርብ ማታ አስተያየት እቀበላለሁ፤ ቅዳሜ ይተየባል፣ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ይገባል። ለመነሻ ሦስት ነጥብ አስቀምጫለሁ። 1) ወረዳው መረጃችንን በዘመናዊ ሲስተም ይጠብቅ። 2) ለሠራተኞቹ ሥልጠና ይስጥ። 3) የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያክብር። ቀንሱ፣ ጨምሩ።

ብሎክ 9፣ ጡረተኛው፦
ጸሐፊያችን ድካምህን እናመሰግናለን። ግን ይቺ ደብዳቤ እንዲህ ሆና ከገባች መልሷን አሁኑኑ ልጻፍልህ፦ «ሕጉን አክብረን እየሠራን መሆኑን እየገለጽን ለትብብራችሁ እናመሰግናለን።» ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ስንቱን በእጄ ወጪ አድርጌአለሁ። መስኮቱን ጥቀሱ፣ ወረቀቱን ጥቀሱ። ያኔ ቢያንስ ኃላፊው ተነስቶ መስኮቱን ሄዶ ያያል።

ብሎክ 3፦
እሺ ጋሼ፣ ወረቀቱን እኔ ልጥቀስ። ከፋሲካ በፊት ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ቆሎ ገዝታ መጣች። ቆሎው አለቀና ጥቅልሉን ስትፈታው የልደት ምዝገባ ቅጽ ሆኖ አረፈው። የሕፃኑ ስም፣ የእናቲቱ ስም እስከ አያት፣ ስልኳ፣ የቤት ቁጥሯ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የአባት ስም በሚለው ቦታ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ልጄ ደግሞ ማንበብ የጀመረችው ዘንድሮ ስለሆነ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። «እማዬ፣ የዚህ ልጅ አባት ለምን ሰረዝ ሆነ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ወስጄ ከሰሉ ላይ ጣልኩት።

ብሎክ 9፣ ጡረተኛው፦
ምነው እቱ፣ ማስረጃ እኮ ነበር! ቆይ፣ አይ፣ ደግ አደረግሽ። እኛም የሴትዮዋን ገመና ይዘን ስንዞር ልንገኝ ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀት አረጀ ተብሎ በኪሎ አይሸጥም። ከ1991 ጀምሮ የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 179 ነው፤ መዝገብ የሚወገደው በፈቃድ ነው። እኛ ኮሚቴ አቋቁመን፣ ዝርዝር አውጥተን፣ ቃለ ጉባኤ ይዘን ነበር የምናቃጥለው። የማቃጠሉን ቀን አበል ለማግኘት የነበረው ሽሚያ ሌላ ወሬ ነው።

ብሎክ 14፦
ጋሼ፣ ያ ወረቀት ከወረዳው ይውጣ ከኮፒ ቤት አናውቅም። እኔ የምጠረጥረው ኮፒ ቤቱን ነው። ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ ስሄድ መታወቂያ፣ የቤት ውልና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሁለት ሁለት ኮፒ አምጣ ተባልኩ። ከአጥሩ ጋር የተለጠፈችው ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጁ ስካን ሲያደርግ ስክሪኑን አየሁት። ዴስክቶፑ በሰው ሰነድ ተሞልቷል፤ «መታወቂያ ጀርባ»፣ «ጋብቻ አዲስ»፣ «ጋብቻ አዲስ 2»። የኔን አጥፋልኝ ስለው ሳቀብኝ። የተበላሸ ኮፒ ከማሽኑ ሥር ካርቶን ውስጥ ይወረወራል። ካርቶኑ ሲሞላ የት እንደሚደርስ የብሎክ 3 ልጅ ነግራናለች።

ልጁን ግን አልወቅሰውም። ወደሱ የላከኝ ወረዳው ነው። ያንኑ ኮፒ አምናም ወስደውብኛል። ስለዚህ ከ«ኮምፒውተራችሁን ጠብቁ» በፊት «ያላችሁን ወረቀት ደግማችሁ አትጠይቁን» የሚለው ይቅደም። ፋይዳስ የመጣው ለምን ሆነና?

ጸሐፊ፦
እስቲ የፋይዳውን ነገር አብራራው። ደብዳቤው ላይ ስጽፈው እንዳልሳሳት።

ብሎክ 14፦
ፋይዳ ሲመዘግበን የወሰደው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ የፊት ፎቶ፣ የአሥር ጣት አሻራና የሁለቱን ዓይን ምስል ነው። ብሔር አልጠየቀም፣ ሃይማኖትም አልጠየቀም። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ግን ብሔር የሚል መስመር እንደነበረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እንግዲህ አንድ ቢሮ እኔ እኔ መሆኔን ማረጋገጥ ሲፈልግ ቁጥሬን አስገብቶ፣ በስልኬ የሚመጣውን ኮድ ወይም አሻራዬን ተቀብሎ «ነው» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ያገኛል። የሚቀመጥ ወረቀት የለውም። እኛ ጋ ግን ምን ይላሉ? «ፋይዳህን ፊትና ጀርባ ኮፒ አድርገህ ና።» ዲጂታል መታወቂያ በፎቶ ኮፒ!

ብሎክ 11፦
እኔ የእህቴ ወኪል ነኝ፣ እሷ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ለቤቷ ጉዳይ ስሄድ የመስኮቷ ልጅ «ፓስፖርቷን በቴሌግራም ላክልኝ» ብላ የራሷን ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። ላክሁ። ከኋላዬ ሰልፉ እያጉረመረመ ምን ላድርግ? ሁለት ወር ቆይቼ ስመለስ ልጅቷ ሌላ ክፍለ ከተማ ተዛውራለች። የእህቴ ፓስፖርትም አብሯት ተዛውሯል ማለት ነው። ልጅቷ ክፋት የላትም፣ እንዲያውም ከሁሉም የምትሻል ነበረች፤ ስካነሩ ስለተበላሸ ነው። ይሄ ይግባልኝ፦ በሠራተኛ የግል ስልክ የነዋሪ ሰነድ አይላክ፣ ቢሮው የራሱ መቀበያ ይኑረው።

ገንዘብ ያዥ፦
መስኮቱንም አትርሱ። ፍቺዋን ልታስመዘግብ የሄደች ጓደኛዬን የመስኮቷ ሠራተኛ «ልጆቹ ማን ጋ ናቸው? ውሳኔው የታለ?» እያለች በመስታወቱ ቀዳዳ ስትጮህባት ሰልፉ በሙሉ ሰምቷል። ጓደኛዬ ከሰልፉ ውስጥ የባሏን የአክስት ልጅ ነው ያየችው። ይሄ ሲስተም አይፈልግም፣ በጀት አይፈልግም። ጎን ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው።

ብሎክ 6፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን አንድ ነገር አሰጋኝ። ነገራችን ቀስ እያለ «የሰው ስም አትለጥፉ» ወደሚለው እየሄደ ነው። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር ግድግዳ ላይ የሚወጣው እኮ ቅሬታ ያለው እንዲናገር ነው። ባለመኪናው ስሙን ቢያስገባ በምን እናውቃለን? ዝርዝሩ መሳቢያ ከገባ የሚጠቀመው የመሳቢያው ባለቤት ነው። በሐምሌ 2014 የወጣው የ14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ በቀናት ውስጥ የተሰረዘው ለምን ነበር? የማይገባቸው ሰዎች መረጃ ሲስተሙ ውስጥ ተጨምሮ ስለተገኘ ነው። «የግል መረጃ ነው» የምትል ቃል በባለሥልጣን አፍ ስትገባ መደበቂያ እንዳትሆን እፈራለሁ።

ብሎክ 3፦
ወንድሜ፣ እናቴ እዚያ ዝርዝር ላይ አለች። ስሟ ብቻ ቢሆን ማን ተቃወመ? ስልኳ አለ፣ የቤት ቁጥሯ አለ፣ «ብቸኛ፣ የስኳር ሕመምተኛ» የሚል አለ። የቅሬታው ጊዜ ካበቃ ስንት ወሩ፣ ወረቀቱ እስከ ዛሬ ተለጥፎ ፀሐይ እየበላው ነው። አንዱ ደወለላትና «ከወረዳ ነው እማማ፣ ብር ተጨምሮልዎታል፣ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» አላት። በስሟ ጠርቶ፣ ስለ ስኳሯ ጠይቆ! ያዳናት ማንበብ አለመቻሏ ነው። «ልጄ ስትመጣ ታነብልሃለች፣ ማታ ደውል» አለችው።

ብሎክ 6፦
አይ የሰው ተንኮል። እሺ፣ ገብቶኛል። እንዲህ ብንለውስ፦ ስምና የምዝገባ ቁጥር ይለጠፍ፤ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ ሕመም፣ የቤተሰብ ሁኔታ አይለጠፍ። ወረቀቱ አናት ላይ የሚነሳበት ቀን ይጻፍ፣ በዚያ ቀን ይነሳ። «አትለጥፉ» የምትለዋን ቃል ግን አልፈርምባትም።

ብሎክ 14፦
ተስማምቻለሁ። የ2014ቱን ካነሳህ አይቀር ደግሞ፣ መረጃ መጠበቅ ማለት እንዳይታይ መሸሸግ ብቻ አይደለም፤ ሳይታወቅ እንዳይቀየርም ነው። ፋይሌን ማን እንደከፈተው፣ ማን ምን እንደቀየረ በስሙ ተመዝግቦ ይቀመጥ ብለን እንጠይቅ። አሁን ሁሉም በአንድ ፓስወርድ ነው የሚገቡት፤ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በቢጫ ወረቀት ተለጥፎ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጸሐፊ፦
ከሕጉ የትኛውን ልጥቀስ?

ብሎክ 9፣ ጡረተኛው፦
ሕገ መንግሥቱን፣ አንቀጽ 26ን። የግል ሕይወት የመከበር መብት የሚለው። የመንግሥት ባለሥልጣናት መብቱን የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው እዚያው ውስጥ አለ። ቀጥሎ የ2016ቱን አዋጅ። በቃ፣ ሌላ አትደርድር። ሕግ የበዛበት ደብዳቤ የክስ መንደርደሪያ ይመስልና ወደ ሕግ ክፍል ይመሩታል፤ ሕግ ክፍል የገባ ደግሞ...

ብሎክ 14፦
መረጃ ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መነገር አለበት የሚለውስ? ለባለሥልጣኑ ግልባጭ ብናደርግ ይደነግጣሉ።

ብሎክ 6፦
የደነገጠ ሰው መስኮት ይዘጋል እንጂ አያስተካክልም። ነገ መሸኛ ስንፈልግ ወደዚያው ነን። መጀመሪያ ለወረዳው፣ ግልባጭ ለክፍለ ከተማው ብቻ። በወር ውስጥ መልስ ካጣን ያኔ ለባለሥልጣኑም፣ ለእንባ ጠባቂም እንጽፋለን።

ጸሐፊ፦
ይሄኛው በብዙ እጅ ተደግፏል፣ ይዤዋለሁ። 72 ሰዓቷን ግን በለዘብታ አስገባታለሁ፦ «የነዋሪ መረጃ ቢጠፋ ወይም ያለአግባብ ቢወጣ ለባለመረጃውና ለሚመለከተው አካል በአዋጁ በተወሰነው 72 ሰዓት ውስጥ የሚያሳውቀው የሥራ ክፍል የትኛው እንደሆነ ተለይቶ እንዲገለጽልን።»

ብሎክ 9፣ ጡረተኛው፦
72ቷ ለባለሥልጣኑ ነው እንጂ ለባለመረጃው ነው አላለም ልጁ። አትቀላቅላቸው፤ በአንድ ቃል ስህተት ሙሉ ደብዳቤ ይጥሉብሃል። «ለባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ለእኛም ሳይዘገይ» በል። «የሥራ ክፍል» ያልከውን ደግሞ «ኃላፊ» አድርገው። ክፍል አይጠየቅም፣ ሰው ነው የሚጠየቀው።

ጸሐፊ፦
ተስተካክሏል። የቅደም ተከተሉ ነገር፦ መጀመሪያ እጃቸው ላይ ያለውን ወረቀት ደግሞ አለመጠየቅና በፋይዳ ማረጋገጥ፤ ከዚያ የመስኮቱ ወንበር፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ብሎክ 6 ባለው መልክ፤ የግል ስልክና የጋራ ፓስወርድ፤ የአሮጌ ወረቀት አወጋገድ። የቆሎውን ነገር ቦታና ቀን ሳልጠቅስ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገባለሁ። ሥልጠና የምትለዋን አውጥቻታለሁ፤ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ሻይ ጠጥተው ተፈጸመ ይሉናል።

ገንዘብ ያዥ፦
ማኅተም ከመደረጉ በፊት እኔም የምናገረው አለኝ። ለውኃው ታንከር መዋጮ ስንመዘገብ የሁላችሁንም መታወቂያ ኮፒ ሰብስቤያለሁ፣ ታስታውሳላችሁ? ሁለት መቶ ምናምን ነው። አልጋዬ ሥር በፌስታል ነው ያለው። ታንከሩ ከተተከለ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ባለፈው ሳምንት ሠራተኛዬ «እትዬ፣ ይሄን ወረቀት ለእሳት ማያያዣ ልውሰደው?» ብላ ጠይቃኛለች። በዚያ ላይ ያልከፈሉትን ከነስልካቸው እዚሁ ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፣ አሁንም ወደ ላይ ብትወጡ ታገኙታላችሁ።

ብሎክ 6፦
እኔ አለሁበት እዚያ ዝርዝር ውስጥ። ከፍያለሁ ደግሞ።

ገንዘብ ያዥ፦
ይቅርታ ወንድሜ፣ አሁን አጥፍቼዋለሁ።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ ሰኞ ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ፌስታሉ ይለቅ። አለዚያ ኃላፊው «እናንተስ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

ገንዘብ ያዥ፦
እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ብሎክ 5 ሥር ጠረጴዛ አወጣለሁ። እየመጣችሁ ኮፒያችሁን ውሰዱ፤ ያልተወሰደውን ጋሽ ብሎክ 9 ባሉበት ከሰል ላይ እናደርገዋለን። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ አበል የለውም። የራሳችሁን ብቻ እንድሰጣችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ኑ። ኮፒ አልጠይቅም፣ አይቼ እመልሳለሁ።