አማርኛ ማስተማሪያ በደቦ፦ የሞከረ አለ?

የቅዳሜ አስተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ እናስተምራለን። ከፊደል ገበታ ያለፈ መጽሐፍ የለንም ማለት ይቻላል። ወላጆችን በቴሌግራም «ዓረፍተ ነገር ላኩልን» ብንላቸው 40 የሚሆን መጣ፣ ግማሹ ምሳሌያዊ አነጋገር! የሰባት ዓመት ልጅ «ጫማዬ የት አለ» ማለት ሳይችል «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን ይዞ ምን ያደርግበታል? እንዴት አደረጋችሁት?

ጠብቆ ላልቶ
እህቴ፣ «ዓረፍተ ነገር ላኩ» ስትይው ሰው ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል፣ ተረቱን ያወርደዋል። ጥያቄውን አጥብቢው። እኛ «ዛሬ ጠዋት ልጅሽን ስትቀሰቅሺ ምን አልሻት?» ብለን ስንጠይቅ «ተነሽ በይ፣ አውቶቡሱ ጥሎሽ ይሄዳል» መጣልን። በቃ፣ እሱ ነው የሚፈለገው።

ደግሞ በጽሑፍ ብቻ አትቀበዪ፣ በድምፅ ይላኩ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» ብለሽ ስትጽፊ በዓሉ ይሁን ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለው፣ «ዋና»ም መዋኘት ይሁን ወይስ ዋናው፣ እኛ ከአገባቡ እናውቀዋለን፣ እዚያ የተወለደ ልጅ ግን ካልሰማው ከየት ያመጣዋል?

ሰነፉ ፕሮግራመር
ማረሙን ከኮመን ቮይስ (የሰዎችን ንባብ በድምፅ ከሚሰበስበው የሞዚላ ፕሮጀክት) ቅዱ። አንዱ ያነባል፣ ሌሎች ሰምተው ልክ ነው ወይም አይደለም ይላሉ፣ ሁለት ሰው ልክ ነው ካለ ያልፋል። ታቶኤባ (ዓረፍተ ነገሮችን ከነትርጉማቸው የሚሰበስብ ድረ ገጽ) ላይ ደግሞ ሰው አፉን በፈታበት ቋንቋ እንዲጽፍ ነው የሚመከረው፣ ከእንግሊዝኛ እየተረጎሙ «መልካም ቀን ይኑርህ» ከሚሉ ያድናችኋል 😅

የሰበሰባችሁትን ደግሞ ራሳችሁ ጋ አስቀምጡ። የቋንቋ መማሪያው መተግበሪያ ዱኦሊንጎ እ.ኤ.አ. በ2013 ትምህርቶቹን በበጎ ፈቃደኞች ማሠራት ጀምሮ በ2021 አቁሞታል። ሰዉንም «ድምፅህን ለሌሎች ብናካፍል ትፈቅዳለህ?» ብላችሁ ከመጀመሪያው ጠይቁ፣ በኋላ አንድ በአንድ እየደወሉ ማስፈቀድ ጣጣ ነው።

ሆሄ ደከመኝ
አንድ ነገር ልጨምር። የፊደል አጻጻፉን የሚወስን አንድ ሰው ምረጡ። እኛ ጋ «ፀሐይ» ነው «ጸሀይ» እየተባለ ሁለት ሳምንት ስንጨቃጨቅ አንዲት አዲስ ዓረፍተ ነገር አልገባችም።

የቅዳሜ አስተማሪ
ኧረ ተባረኩ! አሁኑኑ «ዛሬ ቁርስ ላይ ልጆቻችሁን ምን አላችኋቸው?» ብዬ ለጠፍኩ። በአንድ ሰዓት 12 ድምፅ መጣ። ሰባቱ «ቶሎ በል!» ነው 😂