የልጆች ዜማ ለኳየር ሲቀናበር ይነካ ወይስ አይነካ?

አወያይ፦ አንድ አቀናባሪ ሁሉም የሚያውቀውን የልጆች መዝሙር ለአራት ድምፅ ኳየር ጻፈው። ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ዜማውን አሳዘነ፣ ግጥሙን ቆራረጠ። ምን ትላላችሁ?

ወላጅ፦ እኔ አልስማማም። ልጄ የምትዘምረው አምስት ስድስት ኖታ ነው። ቀላል የሆነው ለጉሮሮዋ እንዲመች ነው። እስከማይለይ ድረስ ማወሳሰብ ምን ይጠቅማል? የራሱን ዜማ አይጽፍም?

የሙዚቃ ተማሪ፦ እህቴ፣ የልጆች ዜማ መቼ ባለበት ቆሞ ያውቃል? «የኮከቧ» ዜማ፣ ማለት «ትዊንክል ትዊንክል ሊትል ስታር» የሚባለው፣ መጀመሪያ የፈረንሳይኛ ዘፈን ነበር። በ1806 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ የኮከብ ግጥም ኋላ ገባበት። የእንግሊዝኛ ፊደል መቁጠሪያም ሆነ። አቀናባሪው ማህለር ደግሞ በመጀመሪያው ሲምፎኒው የፈረንሳይ ልጆችን መዝሙር «ፍሬር ዣክ»ን ወደ ማይነር፣ ወደሚያሳዝነው ቅኝት፣ አዙሮ የቀብር ጉዞ አደረገው። በ1889 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ላይ ቀረበ። ኮንትራባሱ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ፣ ዜማውን ብቻውን ሲጀምር ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ወላጅ፦ እሱ እኮ ኦርኬስትራ ነው፣ ቃል የለውም። እኔን ያመመኝ የግጥሙ መቆራረጥ ነው።

የኳየር መሪ፦ ለእኔ ጥያቄው ሌላ ነው። ዜማው ከመበተኑ በፊት አድማጩ ሰምቶታል ወይ? ሞዛርት የኮከቧን ዜማ ለፒያኖ 12 ጊዜ እየለዋወጠ ሲጽፈው መጀመሪያ እንዳለ አስቀምጦታል። ማህለርም ዜማውን አሳዘነው እንጂ ቅርጹን አልበተነም። ልጆች ያንን መዝሙር እየተቀባበሉ ሲዘምሩት እንደሚያደርጉት መሣሪያዎቹም ተራ በተራ ነው የሚገቡት። በዚህ ቅንብር ግን ሶፕራኖዎቹ፣ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች፣ ሁለተኛውን ሐረግ ሳይጨርሱ ባሶቹ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች፣ ሌላ ቃል ይዘው ይገቡባቸዋል። ትናንት ልምምድ ላይ አንዷን አልቶ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ያላትን ሴት፣ ዜማውን ብቻዋን አዘመርኳት። ሌሎቹ አፋቸውን ገጥመው አንድ ኖታ ያዙ። ከዚያ ወደ ቅንብሩ ገባን። ያው ክፍል ሌላ ሆነብኝ! ጆሮዬ ዜማው የገባበትን እየተከተለ ይፈልግ ጀመር።

የሙዚቃ ተማሪ፦ ግን እኮ ያንን መግቢያ አቀናባሪው አልጻፈውም። አሁን የሰውየውን ሥራ ነካሽበት።

የኳየር መሪ፦ ልክ ነህ። ለዚህ ነው ፈቃድ የጠየቅኩት። ካልፈቀደ የጻፈውን አንነካም። ዜማውን ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለብቻው ለታዳሚው እናሰማለን።

ወላጅ፦ እንግዲያው አልቶዋ ትቅርና ልጆች ይዘምሩት። የግጥሙ ነገር ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።