ለደጋ ዳሞት ኮረኮንችና ለዓባይ በረሃ የቱ የፒክአፕ ሞተር ይሻላል?

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ። በፍኖተ ሰላም የምኖር የማርና የቅቤ ነጋዴ ነኝ። ዕቃውን የምሰበስበው ከቋሪትና ከደጋ ዳሞት ገበያዎች ሲሆን፣ እስካሁን የማመላልሰው በኪራይ መኪና ነው። ኪራዩ ትርፉን እየበላብኝ ስለሆነ ያገለገለ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ለመግዛት ወስኛለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ ከውጭ የማስመጣቱን ሐሳብ ትቼ፣ አገር ውስጥ ካሉት ለመምረጥ ነው የምፈልገው።

የምጭነው ከ6 እስከ 8 ኩንታል ነው። መንገዱ ግማሹ ኮረኮንችና ዳገት፣ ግማሹ አስፋልት ሲሆን፣ በየሳምንቱ ባሕር ዳር፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ዓባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ደላሎች ያቀረቡልኝ ቶዮታ ሃይሉክስ ባለ 3ኤል ወይም ባለ 5ኤል ሞተር፣ ሃይሉክስ ዲ ፎር ዲ ባለ 1ኬዲ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200 ባለ 4ዲ56 እና አይሱዙ ዲማክስ ባለ 4ጄጄ1 ናቸው። ሁሉም የየራሱን ያሞግሳል። በእነዚህ ሞተሮች የሠራችሁ ወይም የነዳችሁ ሰዎች የቱን ብገዛ እንደሚያዋጣኝ፣ ምክንያቱንም ጭምር ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ (የደብረ ማርቆስ መካኒክ)

ወንድሜ፣ መንገዱንና ጭነቱን አስቀድመው መናገርዎ ጥሩ ነው፤ መልሱ የሚወጣው ከዚያ ነውና። በእኔ አስተያየት 5ኤልን ይግዙ፤ እሱ ካልተገኘ 3ኤል።

3ኤል 2,779 ሲሲ፣ 5ኤል ደግሞ 2,986 ሲሲ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌላቸው፣ ናፍጣውንም በሜካኒካል ፖምፓ የሚረጩ ሞተሮች ናቸው። ኮምፒውተር የላቸውም። ደጋ ዳሞት ላይ ቆሞ ቢቀር እንኳ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም የሚመጣ መካኒክ በእጅ መሣሪያ ብቻ ከፍቶ፣ አይቶ፣ አስነሥቶ ሊመልሰው ይችላል። መለዋወጫቸውም በየከተማው አለ።

ጉድለታቸውን መደበቅ ግን ተገቢ አይደለም። 3ኤል ከባሕር ወለል ላይ ጉልበቱ ወደ 90 ፈረስ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ፣ ከ90ው ፈረስ እኛ ዘንድ የሚደርሰው 70 እንኳ አይሞላም። 8 ኩንታል ጭነው ዳገት ሲወጡ በሁለተኛ ማርሽ መሄድን መልመድ አለብዎት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፦ ጉልበት ይጨምርልሃል ብሎ የፖምፓውን ብሎን ለሚያዞር ሰው መኪናዎን አይስጡ። በሳሳ አየር ላይ ናፍጣ መጨመር ጥቁር ጭስና ሙቀት እንጂ ጉልበት አያመጣም፤ ሙቀቱም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ይሰነጥቃል።

መልስ (ከባሕር ዳር)

ከመካኒኩ ወንድማችን ጋር በአክብሮት አልስማማም። እሱ ራሱ ስለ ከፍታ የጻፈው ለቱርቦ ዋነኛው ማስረጃ ነው። ቱርቦ የሳሳውን አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚያስገባ፣ ከፍታው የሚወስደውን ጉልበት አብዛኛውን ይመልሳል። 1ኬዲ 2,982 ሲሲ ነው፤ ስፋቱ ከ5ኤል ጋር አንድ ያህል ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ከ160 ፈረስ በላይ ይደርሳል። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ይህን ልዩነት በየቀኑ ያየዋል፤ ናፍጣም ይቆጥብለታል። በጎጃም ደጋ ላይ ቱርቦ ቅንጦት ነው የሚባለው አባባል ለእኔ ትክክል አይደለም።

የ1ኬዲን ድካምም እናገራለሁ፤ የሚያውቀው ሰው ሊጠነቀቀው ይችላልና። በኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች ሲያረጁ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ አምልጦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ እየወፈረ ይሄድና በካርተሩ (በሞተሩ የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት ሳያገኝ ይሠራና ይነክሳል፤ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ስለዚህ 1ኬዲ የሚገዛ ሰው ወዲያው ካርተሩን አስወርዶ ወንፊቱን ማየት፣ ሮንዴላዎቹንም ማስቀየር አለበት። ይህን ካደረገ በኋላ ዘይቱን በሰዓቱ እየለወጠ ያለ ሥጋት ይነዳዋል።

መልስ (የደብረ ማርቆስ መካኒክ)

የሮንዴላውን ነገር በትክክል አስቀምጠኸዋል። ጥያቄው ግን ናፍጣውን ጠያቂው ከየት ይቀዳል የሚለው ነው። ማደያው ሲደርቅ፣ ወይም ማደያ በሌለበት ገጠር፣ ያለው አማራጭ በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ነው፤ እሱም ውሃና አፈር ሊኖረው ይችላል። የ3ኤልና የ5ኤል ኖዝሎች ከ200 ባር (የግፊት መለኪያ) ባነሰ ግፊት ነው የሚከፈቱት፤ ጥቂት ቆሻሻ ቢገባ አስጠርጎ መቀጠል ይቻላል። የ1ኬዲ ኮመን ሬይል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው የጋራ ቱቦ) ግን ከ1,000 ባር በላይ ግፊት የሚሸከም ስለሆነ፣ ቀዳዳዎቹ እጅግ ጠባብ፣ ክፍሎቹም እጅግ የተጠጋጉ ናቸው። አንድ ጊዜ የገባ ውሃ አራቱንም ኢንጀክተሮች ሊያበላሽ ይችላል፤ አራት ኢንጀክተር መቀየር ደግሞ ለአንድ ነጋዴ የወራት ትርፍ ነው። ችግሩን ለማወቅም የኮምፒውተር ምርመራ ያስፈልጋል፤ ያ መሣሪያ ደግሞ በደጋ ዳሞቷ ከተማ በፈረስ ቤት አይገኝም።

መልስ (ከሞጣ)

የምነዳው ኤል 200 ስለሆነ ስለ 4ዲ56 ልናገር። 2,477 ሲሲ ነው፤ ወንበሩ ይመቻል፣ መሪውም ቀላል ነው፤ በሞጣና በቢቸና መንገድ በደንብ አገልግሎኛል። የሚገዛ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ሞተሩ ሁለት ቺንጋ እንዳለው ነው፦ አንዱ የቫልቮቹን መከፈቻ ሰዓት የሚጠብቀው የታይሚንግ፣ ሌላው የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሱት የባላንስ ዘንጎች ትንሽ ቺንጋ። አንዳንድ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ትልቁን ብቻ ያስቀይራል። ትንሹ ሲበጠስ ግን ቁራጩ በትልቁ ውስጥ ይገባና ሁለቱም ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ፣ 100,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ማስቀየር ይገባል። ቴስታታውም ሙቀት አይወድም። ለ8 ኩንታል ጭነት ግን ከእሱ ይልቅ ሃይሉክሱን ብትመርጡ አልቃወምም።

መልስ (የደጀን የጭነት ሾፌር)

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ሞተር ይጽፋል፤ እኔ ስለ በረሃው ልንገርህ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነሥተህ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ትወርዳለህ፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ትወጣለህ። ታች ሙቀቱ ከባድ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ነፋሱ ራሱ ይፈጃል። ሞተሩ ትልቁን ሥራ የሚጀምረው በዚያ ሙቀት ውስጥ ነው፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ደግሞ አየሩ እየሳሳበት ይሄዳል። የትኛውም ዓይነት ሞተር ቢሆን፣ ራዲያተሩ የደከመ ከሆነ ድክመቱ የሚታወቀው እዚያ ዳገት መካከል ነው።

ቁልቁለቱን ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረደው። ማርሽ ነጻ አድርጎ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር፣ የፍሬኑ ሸራ ግሎ መያዙን ያቆማል፤ የፍሬን ዘይቱም ካረጀ ውሃ ስለሚስብ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። እዚያ ላይ ፍሬን የበጠሰ ሰው ዳኛ የለውም። የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ አስቀይር። ማቋረጡንም በማለዳ አድርገው፤ ብርዱ ለአንተም ለሞተሩም ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል ከፍ ካለ ዳር ይዘህ ቁም፤ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ፣ ጥቂት በዝግታ እንዲዞር ተወው። ፈላ ብለህ ክዳኑን በችኮላ እንዳትከፍት፤ ፊትህን ይጠብስሃል። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ አታፍስስ።

መልስ (ከቡሬ)

ዲማክስን ማንም አላነሣም። 4ጄጄ1 2,999 ሲሲ ነው፤ ቱርቦ አለው፤ ታይሚንጉም በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት ስለሚዞር የቺንጋ መበጠስ ሥጋት የለበትም። ለጭነት የተሠራ ሞተር ነው። አይሱዙ ደግሞ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው መኪና ስለሆነ መለዋወጫ አይቸግርም።

መልስ (የደብረ ማርቆስ መካኒክ)

ሞተሩ ጠንካራ መሆኑን እመሰክራለሁ። መለዋወጫን በተመለከተ ግን ጠያቂው እንዳይሳሳት፦ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው የጭነቱ አይሱዙ፣ ማለትም ኤንፒአር ነው፤ ሞተሩም ሌላ ነው። ለእሱ የተከማቸው ፒስተንና ጋስኬት ለ4ጄጄ1 አይሆንም። በዚያ ላይ 4ጄጄ1ም ኮመን ሬይል ስለሆነ ስለ ናፍጣ የጻፍኩት ሁሉ እሱንም ይመለከታል።

ጠያቂው (ከፍኖተ ሰላም)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አያ የደጀኑ፣ ምክርዎን በቃሌ ይዤዋለሁ። በጀሪካን መቅዳቴ የማይቀር ስለሆነ ሐሳቤ ወደ 5ኤል አዘንብሏል። አንድ ሃይሉክስ አግኝቻለሁ፤ ባለቤቱ ሞተሩ አልተነካም ይላል። ሳልከፍል በፊት ምን በዓይኔ ልይ?

መልስ (ከባሕር ዳር)

በጀሪካን የሚቀዱ ከሆነ እኔም 1ኬዲን አልመክርዎትም። በሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ራስዎ ወርደው ከመኪናው ጋር ያመሳክሩ። ሻንሲውንም ከሥር ተኝተው ይዩት፤ ኮረኮንች ላይ የኖረ ፒክአፕ ከኋላ ባሌስትራው አካባቢ የብየዳ ምልክት ካለው ይተዉት።

መልስ (የደብረ ማርቆስ መካኒክ)

በማለዳ ይሂዱ፤ ባለቤቱም ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው አስቀድመው ይንገሩት። እንደ ደረሱ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የራዲያተሩን የላይኛውን የጎማ ቱቦ ጨመቅ ያድርጉት። ሌሊቱን ያደረ መኪና ጎማው ልስልስ ማለት አለበት፤ ተወጥሮ ካገኙት ከሲሊንደሩ ወደ ውሃው የሚያልፍ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ የቴስታታው ጋስኬት ወይም ራሱ ቴስታታው ተነክቷል። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው ውሃውን ይመልከቱ። የዘይት ቅባት ሰፎበት ካዩ፣ ወይም ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው የማያቋርጥ አረፋ ከወጣ፣ ዋጋውን ሳይጠይቁ ይመለሱ። ቀጥሎ የዘይቱን መሙያ ክዳን ያንሡ፤ ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ፒስተን ፋሻዎቹ አልቀዋል። በጭስ ማውጫው በኩል ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል። በብርድ ጠዋት ነጭ ጭስ ታይቶ ወዲያው ቢጠፋ አያስጨንቅዎት፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ግን ያስጨንቃል።

ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው መዝጊያ) መኖሩንም ይጠይቁ፤ ብዙ ጋራዥ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ይህ ክፉ ልማድ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ደግሞ ርካሽ ዕቃ ቢሆንም ሥራው ትልቅ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደህና ክዳን ግፊት ስለሚይዝ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ሞላ ከደከመ ግን፣ ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ አካባቢ ተከፍቶ ውሃው እስኪፈላ የሚቀርዎት 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ያን ያህሉን የቋሪት ዳገት ብቻውን ይጨርሰዋል።

መኪናውን ከገዙት፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ኪሎ ሜትር ቢነግርዎት፣ የታይሚንጉን ቺንጋ ከነማወጠሪያው ያስቀይሩ፤ ቆጣሪ ሊዞር ይችላልና። ራዲያተሩን አስጠርገው በወንዝ ውሃ ሳይሆን በኩላንት ያስሞሉት፤ የወንዝ ውሃ ደለልና ዝገት ያመጣል። ክዳን፣ ቴርሞስታትና የናፍጣ ፊልትሮ አዲስ ይግዙ፤ ከፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ብሎን እንዴት እንደሚከፍቱትም መካኒክዎ ያሳይዎት፤ በጀሪካን በቀዱ ቁጥር በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ያፍስሱት። ይህ ሁሉ ሳይሠራ ዓባይን አይሻገሩ።