ከጂሲሲ ወደ ክላንግ፦ ከርነሉ ተነሣ፣ የዋይፋይ ሞጁሉ ግን እምቢ አለ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ዴቢያን 12 ላይ የሊኑክስ 6.1 ከርነልን (የስርዓቱን እምብርት) ከሶርስ የምገነባው በጂሲሲ፣ በጂኤንዩ ኮምፓይለር፣ ነበር። ቲንኤልቲኦ (ኤልቲኦ የሚባለው፣ ኮዱን ሊንክ ሲደረግ በጥቅሉ የማመቻቸት ዘዴ ቀለል ያለው ዓይነት) ስለፈለግኩ በሌላው ኮምፓይለር በክላንግ፣ «ሜክ ሲሲ=ክላንግ» ብዬ ገነባሁት፤ ቡት ያደርጋል። ግን የኤልቲኦ ምርጫ ሜኑኮንፊግ (የከርነሉ ምርጫዎች ሜኑ) ውስጥ ጭራሽ የለም። ለብቻው የሚገነባው የዋይፋይ ሞጁልም «ኤምሬትፖሊን-ኤክስተርናል-ታንክ» የሚባለውን አማራጭ አላውቅም ብሎ ይቆማል። ምን ጎደለ?

መልስ 1
ሲሲ=ክላንግ የሚቀይረው ኮምፓይለሩን ብቻ ነው፤ ሊንከሩ (ኦብጀክት ፋይሎቹን የሚያያይዘው) እና የኦብጀክት ፋይል መሣሪያዎቹ ኤአር እና ኤንኤም የጂኤንዩ እንደሆኑ ይቀራሉ። ኤልቲኦ ሲበራ ኦብጀክት ፋይሎቹ የማሽን ኮድ ሳይሆኑ የኤልኤልቪኤም (የክላንግ ፕሮጀክት) ቢትኮድ፣ ማለትም መካከለኛ ኮድ፣ ናቸው፤ የከርነሉ ኬኮንፊግም (የምርጫ ሥርዓቱ) የኤልኤልቪኤም ሊንከር፣ ኤአር እና ኤንኤም መኖራቸውን ካላረጋገጠ ምርጫውን ይደብቀዋል። ክላንግ፣ ኤልኤልዲ (ሊንከሩ) እና ኤልኤልቪኤም የሚባሉትን ሦስት ፓኬጆች በአፕት ይጫኑና «ሜክ ኤልኤልቪኤም=1» ይበሉ። የተለዋዋጩ ስም በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው የሚጻፈው።

የድሮውን ግንባታ አይንኩት። በ«ኦ=» አዲስ የግንባታ ማውጫ ይስጡ፣ የድሮውን ኮንፊግ ይቅዱበት፣ ከዚያ ኦልድዴፍኮንፊግ (አዳዲሶቹን ምርጫዎች በነባሪ ዋጋቸው የሚሞላውን) ያሂዱ፤ አለዚያ ኮምፓይለሩ ሲቀየር ብቅ የሚሉትን አዳዲስ ምርጫዎች አንድ በአንድ እየጠየቀ ያቆምዎታል። ኦልድዴፍኮንፊግ ግን ከክላንግ ጋር የማይሄዱትን (ለምሳሌ የጂሲሲ ፕለጊኖችን) ሳይናገር ይጥላል። ስክሪፕትስ ማውጫ ውስጥ ባለው ዲፍኮንፊግ ሁለቱን ኮንፊጎች ማስተያየት አይዘለል።

መልስ 2
የሞጁሉ ነገር እዚያው ላይ ነው። የከርነሉ ኮንፊግ «በክላንግ ተገንብቻለሁ» ስለሚል ሜክ የክላንግን ፍላጎች ይመርጣል፤ እርስዎ ሞጁሉን ሲገነቡ ግን ሲሲ ስላልሰጡት የሚጠራው ጂሲሲ ነው። ሬትፖሊን፣ ማለትም ስፔክተር የሚባለው የፕሮሰሰር የደኅንነት ክፍተት መከላከያ፣ በሁለቱ ኮምፓይለሮች የተለያየ ፍላግ አለው፤ ስህተቱ የመጣው ከዚህ ነው። ለሞጁሉም ኤልኤልቪኤም=1 ይስጡት።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ «ኤክስፖርት ሲሲ=ክላንግ» ምንም አይሠራም። ሜክፋይሉ ሲሲን ራሱ ስለሚሰይመው ከሼል የመጣውን ይሽረዋል፤ ከሜክ ቀጥሎ እንደ አርጉመንት መጻፍ አለበት። ኤልኤልቪኤም=1 ግን ኤክስፖርት ቢደረግም ይሠራል፤ ሱዶ ሊያጠፋው ስለሚችል በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ መጻፉ ይሻላል። ሜኑኮንፊግን ያለ ኤልኤልቪኤም=1 ከከፈቱና ሴቭ ካደረጉ ኮንፊጉ ወደ ጂሲሲ ይመለሳል፣ ኤልቲኦም ይጠፋል።

ጠያቂ
ምርጫው ታየ፣ ሞጁሉም ተገነባ። ሙሉውን ኤልቲኦ ነው ቲኑን የምመርጠው?

መልስ 1
ቲኑን። ሙሉው የከርነሉን ቢትኮድ በአንድ ላይ አዋህዶ ስለሚያመቻች ሊንክ ሲያደርግ ጊዜም ሜሞሪም ይፈጃል። ቲኑ ሥራውን ለኮሮቹ ስለሚያካፍል ይፈጥናል። ቡት ካደረጉ በኋላ ፕሮክ ስር ያለውን ቨርዥን ፋይል ያንብቡ፤ ክላንግ እና ኤልኤልዲ የሚሉት ሁለቱም እዚያ መኖር አለባቸው።