የኅዳሩን የሞርስ ውድድር ከሰንዳፋ እንግባ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

የሰንዳፋው፦ ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ። በስብሰባው ላይ "አንተ ጀምረው" ያላችሁኝን ፕሮፖዛል ያው ጀምሬዋለሁ ግን ብቻዬን አልጨርሰውም፣ እጃችሁን አስገቡበት። ሃሳቡ ይሄ ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ላይ በሚደረገው ሲ ኪው ወርልድ ዋይድ የሞርስ ውድድር (በዲትና በዳ ኮድ ከዓለም አማተር ሬዲዮ ጣቢያዎች ጋር የሚገናኙበት) በአማተር ሬዲዮ ማህበራችን ስም እንግባ፣ የምንገባውም ከከተማ ሳይሆን ከኛ ሰፈር፣ አባቴ ግቢ ጀርባ ካለው የግጦሽ ሜዳ። ውድድሩ 48 ሰዓት ነው፣ በኛ አቆጣጠር አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 9 ላይ ያልቃል። የምንለዋወጠው 599 (በደንብ ትሰማለህ ማለት ነው) እና የዞን ቁጥር ብቻ፣ ዓለም በዞን ተከፋፍላለች፣ ኢትዮጵያ ዞን 37 ናት። አንድ ሬዲዮ፣ 100 ዋት፣ ብዙ ሰው በፈረቃ። አስተያየት ስጡበት፣ ሂሳቡንም።

ሂሳብ ያዥ፦ ጥሩ ነው ግን መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ሰንዳፋ ለምን? ትራንስፖርት አለ፣ ጀነሬተር አለ፣ ምግብ አለ፣ ማደሪያ አለ። ከተማ ውስጥ አንድ ጣራ ላይ ሽቦ ብንዘረጋ ግማሹ ወጪ ይቀራል። እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም ግን ካዝናውን የማየው እኔ ነኝ።

የኮንዶው ልጅ፦ ወንድሜ እኔ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም ጣራ ላይ ሽቦ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አባዶ 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ መቀበያዬን ስከፍተው የሲግናል ጥንካሬ የሚያሳየው ሜትር ምንም ጣቢያ ሳይኖር 9 ላይ ነው የሚቆመው፣ የጎረቤት አምፖል፣ የሊፍት ሞተር፣ የቻርጀር አዳፕተር፣ ዲሽ፣ ምናምን ሁሉም ይጮሃል። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ግን መብራት ጠፋ፣ የሰፈሩ በሙሉ፣ ሬዲዮው ባትሪ ላይ ስለነበረ አልጠፋም፣ እና እያየሁት ሜትሩ ከ9 ወደ 2 ወረደ። በህይወቴ እንደዛ ፀጥ ያለ የ40 ሜትር ባንድ (የ7 ሜጋኸርዝ ሞገድ) ሰምቼ አላውቅም። ከስር ከስር የተደበቁ ጣቢያዎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ፣ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ መብራት ሃይልን ሲያማርር እኔ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ የጣሊያን ጣቢያዎችን እየፃፍኩ ነበር ሃሃ። 40 ደቂቃ ቆይቶ መብራት መጣ፣ ሰፈሩ አጨበጨበ፣ እኔ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ሰንዳፋ ማለት እሱ 40 ደቂቃ 48 ሰዓት ሙሉ ማለት ነው። 100 ዋት ይዘን አይደለም የምንሸነፈው፣ የሚጠራንን ሰው ሳንሰማው ቀርተን ነው።

ሂሳብ ያዥ፦ እሺ ይሄንን እንዳለ ፕሮፖዛሉ ላይ አስገቡት፣ አሳምኖኛል። የሊፍቱን ተውት።

ጋሽ መገናኛ፦ ልጆች ደህና ናችሁ። እኔ ጦሩ ውስጥ መገናኛ ክፍል ስለነበርኩ ስለ ሞርስ መምቻው ቁልፍ የምለው አለኝ። ረቂቁ ላይ "ኮምፒውተር ይልካል" የሚል አየሁ። ኮምፒውተር ከላከ፣ ኮምፒውተር ካነበበ፣ እናንተ ሰንዳፋ ድረስ የምትሄዱት ለምኑ ነው? ሞርስ የጆሮ ነገር ነው።

የኮንዶው ልጅ፦ ጋሼ ልክ ነዎት ግን 48 ሰዓት በእጅ ቁልፍ (ስትሬት ኪ) እየመቱ አይዘለቅም፣ እጅ ይዝላል፣ ስህተት ይበዛል። የማይለወጠውን መልእክት፣ ሲ ኪው (ማንም የሚሰማኝ ይመልስልኝ) የሚለውን እና 599 37ን፣ ኮምፒውተሩ ይምታው፤ የሰውየውን ጥሪ (የጣቢያውን መለያ) ግን በጆሯችን እንስማ፣ የሚያነብ ሶፍትዌር አንጠቀም። ደግሞ 599ን ማንም ሙሉውን አይልክም፣ 9ን "ዳዳዳዳዲት" ከማለት በኤን ፊደል አሳጥሮ "ዳዲት" ብቻ ነው የሚለው። ሲግናሉ በጭንቅ የሚሰማም ሰው 599 ነው የሚባለው፣ የውድድር ይሉኝታ ነው እንግዲህ።

ጋሽ መገናኛ፦ በጆሮ ከሆነ እስማማለሁ። ኮምፒውተሩ ጣት ይሁን፣ ጆሮ አይሁን። እንደዛ ብላችሁ ፃፉት።

ዳዲዳ፦ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ አትሳቁብኝ። ሶስት ወር ነው የተለማመድኩት፣ በደቂቃ 12 ቃል ገደማ ነው የምሰማው። ውድድር ላይ 25 እና 30 ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔ መጥቼ ሻይ ነው የማፈላው ወይስ ቦታ አለኝ?

ጋሽ መገናኛ፦ እቴ ሻይ የሚያፈላ ሞልቷል። የኔ ልጅ፣ ይሄ ወሬ አይደለም፣ ደብዳቤ አይደለም። 599 እንደሚል ቀድመሽ ታውቂያለሽ። ዞኑንም ከጥሪው ታውቂዋለሽ፣ ጀርመን ከሆነ 14፣ ፖላንድና ጣሊያን 15፣ ጃፓን 25። አሜሪካ ብቻ ነው የሚያስቸግርሽ፣ ምስራቁ 5፣ መሃሉ 4፣ ምዕራቡ 3፣ እዛ ላይ ጆሮሽን አቁሚ። ስለዚህ የቀረሽ ጥሪውን መስማት ነው፣ እሱንም ሁለት ሶስቴ ታስደግሚያለሽ፣ ሰው አይቀየምም። እኛን ፈልጎ ነው የመጣው፣ በኢ ቲ የሚጀምር የኢትዮጵያ ጥሪ በየቀኑ አያገኝም።

ዳዲዳ፦ እሺ ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጥሪ ብቻ ነው የምለማመደው በፈጣን። ሰዓት ግን ስትመድቡኝ የመጀመሪያውን ሌሊት አታድርጉኝ፣ ሁሉም ባንዴ ሲጮህ እሞታለሁ።

የሰንዳፋው፦ እሁድ ረፋድ ላይ እናድርግሽ፣ ያኔ ጥድፊያው ይበርዳል፣ ሲ ኪው ከማለት ይልቅ ባንዱን እየዞርሽ ያልሰራናቸውን ትለቅሚያለሽ። አጠገብሽ አንድ ልምድ ያለው በሁለተኛ ሄድፎን ይቀመጣል ግን አይነካም። ይሄንንም ፃፍኩት፣ ለጀማሪ ቢያንስ 6 ሰዓት የሚል።

አሁን አንቴናው። ባለፈው ሙከራ የሆነውን ላልነበራችሁ ልንገራችሁ፣ ዳይፖሉን (የሽቦ አንቴናውን) ሰቅለን፣ ሬዲዮ ከፍተን፣ ጎበዝ እየሰማን ነው፣ ድንገት ሬዲዮው ጠረጴዛው ላይ መንሸራተት ጀመረ። ቀና ስል ላሟ ኮአክሲያሉን (ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመጣውን ገመድ) ቀንዷ ላይ ጠምጥማ ወደ ወንዙ እየሄደች ነው። ሶኬቱ ነው የተነቀለው እንጂ ሬዲዮው አብሮ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ገመዱ በዘንድሮው ይቀበራል፣ አንድ ስንዝር ጉድጓድ ይበቃል።

ልኬቱ 143ን በሜጋኸርዝ ማካፈል ነው፣ ለ40 ሜትር ባንድ 20 ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። ይሄው ሽቦ 7 ሜጋኸርዝ በ3 ሲባዛ 21 ስለሆነ ለ15 ሜትር ባንድም ይሰራል፣ በአንድ ሽቦ ሁለት ባንድ። ከሱ ስር ለ20 ሜትር ባንድ 10 ሜትር ከ20፣ ለ10 ሜትር ባንድ 5 ሜትር ከ10 እንጨምርበታለን፣ መሃል ላይ አንድ ኮአክሲያል ነው የሚበቃቸው። ምሰሶው አጣና ነው፣ ሁለት ረጃጅም አጣና ተቀጥሎ 11 ሜትር ይሆናል። ምኒልክ ባህር ዛፍ ያስመጡልን ለአንቴና ነው ብዬ ማመን ጀምሬያለሁ። ጫፎቹ ከ3 ሜትር በታች እንዳይወርዱ፣ ስንልክ የሽቦው ጫፍ ያቃጥላል፣ ህፃናትም ከብትም አለ።

የኮንዶው ልጅ፦ አቅጣጫ? ሽቦው ከሰሜን ምስራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከተዘረጋ ፊቱ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው፣ ጃፓን ግን ከጫፉ በኩል ትቀራለች። ለጃፓን አንድ ትንሽ የ15 ሜትር ሽቦ መስቀለኛ አርገን እንስቀል፣ 6 ሜትር ከ80 ነው፣ ምንም ወጪ የለውም። ጃፓን ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ከዛ እነሱ ጋ ይመሻል። አሜሪካ ከሰዓት 9 ሰዓት በኋላ፣ ሌሊት 40 ሜትር ላይ አውሮፓ። የፀሐይ ዑደቱ (የፀሐይ እንቅስቃሴ ከፍና ዝቅ ማለቱ) በፈረንጆቹ 2024 ጫፍ ላይ ነበር፣ አሁን እየወረደ ነው፣ 10 ሜትር ባንድ እንዲህ ክፍት ሆኖ አይጠብቀንም፣ ለከርሞ የምትሉ ይሄንን አስቡበት።

ሂሳብ ያዥ፦ ኃይሉን አስላሁት። ሲልክ 20 አምፒር፣ ሲሰማ 1፣ አማካዩን 7 ብለን እንያዝ። ባለ 100 አምፒር ሰዓት የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች ካላወረድነው 7 ሰዓት ይሰራል። ስለዚህ 3 ባትሪ፣ ሌሊቱን ሁለቱ ይይዙታል፣ ቀን ጀነሬተር እያስነሳን እንሞላለን። ጀነሬተሩ 40 ሜትር ይራቅ፣ ሶላር ግን አታምጡብኝ፣ ኮንትሮለሩ ከኮንዶው ልጅ ሊፍት የባሰ ነው የሚጮኸው። ባትሪ መግዛት የለም፣ ሚኒባስ ያላቸው አባላት ያውሱን።

ነጥቡን ደግሞ አንድ ሰው በደንብ ያስረዳኝ፣ ለስራ አስፈፃሚው የማብራራው እኔ ነኝ።

የኮንዶው ልጅ፦ ከሌላ አህጉር ጋር 3 ነጥብ፣ ከአፍሪካ ሌላ አገር ጋር 1። ያንን ድምር በየባንዱ ባገኘኸው አገርና ዞን ብዛት ታባዛዋለህ። እንበልና 600 ሰው አንድ ባንድ ላይ ብቻ ሰራን፣ 1800 ነጥብ፣ አገርና ዞኑ 50 ቢሆን 90,000። እነዛኑ 600 ሰዎች በሶስት ባንድ ብንበትናቸው፣ አገርና ዞኑ 120 ቢደርስ 216,000። ሰው አልጨመርንም፣ ባንድ ነው የቀየርነው። ለዚህ ነው አንድ ባንድ ላይ ተመችቶት የሚተኛ ኦፕሬተር ካለ ጋቢውን የምንገፈው።

ዳዲዳ፦ ሰዓቱስ? ባለፈው የልምምድ ሎግ (የግንኙነት መዝገብ) ላይ የኛን ሰዓት የፃፈ ሰው ነበር፣ ማን እንደሆነ አልናገርም።

የሰንዳፋው፦ እኔ ነኝ ተይው። ላፕቶፑ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ ሰዓት) ላይ ይቆለፋል። በእጅ የሚፅፍ ካለ በኛ ሰዓት ላይ ቀን 3፣ ማታ 15 ይደምር። ሎጉ ውድድሩ ባለቀ በ5 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፣ እሱን ዳዲዳ ትያዘው።

ጋሽ መገናኛ፦ ወረቀቱን ረሳችሁት። የማህበሩ ፈቃድ ላይ ያለው አድራሻ ሌላ ነው፣ ሰንዳፋ ላይ ለማሰራጨት ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በጽሁፍ መጠየቅ አለበት፣ መልሱም በጽሁፍ። ቀበሌም ይወቅ። ሌሊት 9 ሰዓት ሜዳ ላይ ሽቦ ዘርግቶ ዲት ዳ የሚል ሰው በኛ ዘመን ምን ይባል እንደነበረ እኔ አውቃለሁ። ይሄ የፕሮፖዛሉ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ይግባ፣ ደብዳቤው ካልመጣ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሂሳብ ያዥ፦ ትክክል። ባለፈው አንድ ቢሮ ደብዳቤያችንን ሁለት ወር ይዞት ነበር፣ ስለዚህ መስከረም ላይ ይግባ።

የሰንዳፋው፦ እሺ የተስተካከለው ይሄው፣ ያላየሁት ካለ ጩሁ።

"ማህበሩ በኅዳሩ የሞርስ ውድድር በአንድ ማሰራጫ፣ በ100 ዋት፣ በብዙ ኦፕሬተር ምድብ ከሰንዳፋ እንዲሳተፍ እንጠይቃለን። ፈቃዱ በጽሁፍ ካልተገኘ ስርጭት አይኖርም፣ ቡድኑ ለመስማት ልምምድ ብቻ ይወጣል። ቦታው የተመረጠው የከተማው የኤሌክትሪክ ጩኸት ስለሌለበት ነው። መላኩ በኮምፒውተር፣ መስማቱ በጆሮ ይሆናል። ለጀማሪዎች ከ6 ሰዓት ያላነሰ ይመደባል። ባትሪ በውሰት፣ አጣና፣ ሽቦና ነዳጅ በማህበሩ ወጪ።"

ምግቡን አልፃፍኩትም፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ሽሮ፣ ቆሎና በሶ ነው፣ እናቴ ችላዋለች። ጋቢ ግን ሁላችሁም ሁለት ሁለት ያዙ፣ የኅዳር ሌሊት እዚህ ውርጭ ነው።

ሂሳብ ያዥ፦ እኔ ጋ ጨርሷል፣ ነገ አስገባዋለሁ። ላሟስ?

የሰንዳፋው፦ አባቴ ለሶስቱ ቀን ወንዝ ማዶ አስራታለሁ ብሏል። "ታዲያ ጠዋት ወተት አምጣ እንዳትሉኝ" አለ፣ አባባ ጾም ነው እኮ አልኩት።